ኮምፒውተሩን ለጠጋኙ እንዳትሰጠው

ዳኛው፣

ኮምፒውተራችን በራሱ እየጠፋ በራሱ የሚነሳበት ምክንያት ዛሬ መታወቁን በታላቅ ክብር አበስራለሁ።

ወደ ሥራ እየሮጥኩ ስለሆነ የእጅ ጽሕፈቴን ይቅር በለኝ።

ከሰዓት ጠጋኙ ሲመጣ ማሽኑን እንዳትሰጠው። «ፎርማት ነው መድኃኒቱ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሊያጠፋው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍህ ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው። እባክህ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ብልህም ዳኛ ምክር አይሰማም።

«ምን ስትሠራ ነው የሚጠፋብህ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «ኢሜይል ሳይ» አልኩህ። ኢሜይል ማሽን አግሎ አያጠፋም፤ የመኪና ውድድር ስጫወት ነው። «እስክመረቅ በዚህ ቤት ጌም የሚባል ነገር የለም» ብለህ ስትፈርድ ከወንበሬ ተነስቼ ያጨበጨብኩትም እኔው ነኝ።

የማሽኑ ማራገቢያ ሲጮህ በግድግዳው በኩል እንዳትሰማኝ ብዬ ከኋላው ትራሴን ወተፍኩበት። ብልጠቴን እይልኝ! የማሽኑን እስትንፋስ በገዛ ትራሴ አፍኜ ሳበቃ፣ «ምን ነክቶት ይሆን?» እያልኩ ካንተ ጋር ራሴን ስነቀንቅ ከረምኩ።

አሁን አቧራውን ጠርጌ ከግድግዳው ራቅ አድርጌዋለሁ። እዚያው ይሁን፤ መልሰህ እንዳታስጠጋው።

ትራሴን ሳነሳ ታዲያ በጎን ያለው መተንፈሻም ተወትፎ አገኘሁት። ያንተ ሹራብ ነው፤ ያ «አንተ ነህ የወሰድክብኝ» ብለህ ሳምንት ሙሉ ያኮረፍከኝ። አጥፌ አልጋህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማሽኑን አልነካሁትም።

ሹራቡ ግን ዛሬ ጠዋት ሳወጣው ገና ትኩስ ነበር።