ተሳስተው የማያውቁት ወይዘሮ ኤፊ ጊላንደርስ

ወይዘሮ ኤፊ ጊላንደርስ ማክሰኞ ጠዋት ሞቱ። ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያዘጉ የነበሩትም፣ ያተረፉትም እሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ስኮትላንድ ውስጥ ኪልብራኖክ መንደር፣ ከበግ አርቢው ከአቶ ሂዩ ማክራ እና ከወይዘሮ ጄሲ ተወለዱ። እዚያው ተማሩ፤ እዚያው ፖስታ ቤት ሠሩ። በ1964 አቶ ዱጋልድ ጊላንደርስን አግብተው ኢሽቤልንና ኬኔትን ወለዱ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የለም፤ ሁሉም ነገር በድምፅ ነው። ወይዘሮ ኤፊ ደግሞ ድምፅ ከተባለ ይቃወማሉ። ሴት ሽማግሌ ትሁን ሲባል ተቃወሙ፤ ሲመርጧቸው ግን ተቀበሉ። ጊታር ይግባ ሲባል ተቃወሙ፤ ይውጣ ሲባልም ተቃወሙ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሰው አንሷል ተብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ የሚል ሐሳብ መጣ። እሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ክፍት እንዲሆን ቀሰቀሱ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ረግጦ የማያውቀውን ጎረቤታቸውን፣ "አመንክም አላመንክም እዚህ አጥቢያ የምትቀብርህ ይህች ቤተ ክርስቲያን ናት። ስትዘጋ ማን ሊቀብርህ ነው? ውሻህ?" አሉት።

የድምፅ መስጫው ቀን ደረሰ። ቄስ ፊንሌይ ታሎክ፣ "ክፍት መሆኑን የምትቃወሙ?" ከማለታቸው የወይዘሮ ኤፊ እጅ በልማድ ብድግ አለ። በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሸነፍን።

"እማዬ፣ ምን ነካሽ?" አለች ኢሽቤል።

"ዝም በይ! እኔ ተሳስቼ አላውቅም።"

"እንኳን ደስ ያለሽ። አዘጋሽው።"

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ የአውራጃው የቄሶችና የሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ "ተሳስቻለሁ። ድምፁ ይደገም" አሉ። ኢሽቤል ከእናቷ አፍ ይህን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰብሳቢው፣ "ይደገም መባሉን የሚቃወም አለ?" ሲሉ ቤቱ በሙሉ ወደ ወይዘሮ ኤፊ ዞረ። እሳቸውም ሁለት እጃቸውን ከሥራቸው ከተቱና ተቀመጡባቸው።

ድምፁ ተደገመ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ።

ዘንድሮ በብርዱ ወራት ልባቸው ደከመ። ቄስ ታሎክ አልጋቸው አጠገብ ሲጸልዩ፣ "አጭር ያድርጉት፤ ሐኪሙም ይህን ያህል አልቆየም" አሏቸው። በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አረፉ።

ሰው የሚድነው በጸጋ እንጂ በሥራው አይደለም ብለን እናምናለን፤ ጸባይም አይቆጠርም ማለት ነው። እግዚአብሔር ከነጸባያቸው ይቀበላቸው።

ኢሽቤል ዓይናቸውን ከደነች። ካፖርቷን ደረበችና ሄዳ፣ ለቀብራቸው ቀን እንዲሞቅ የቤተ ክርስቲያኑን ማሞቂያ አበራች።