ከአራት ዓመት በታች አንድም የለም

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ ጠዋት
ከጀልባ ቤቱ

ለልጄ፣ ለድንቢጤ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የሰላምታው ነገር በዚህ ይብቃኝ፤ ዛሬ ስለ ጤና የማወራበት አንደበት የለኝም። ከዐሥር ቀን በፊት ክው ብዬ የቀረሁ፣ እስካሁን እንደዚያው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን ግን እንደመጣልኝ ጽፌ፣ መልሼ ሳላነብ ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ።

ባለፈው የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። «እማዬ፣ ሐይቁ ሰው የሚያኖር ከሆነ እመጣለሁ፤ ጀልባዎቹንም አጥማጆቹንም እኔና ባሌ እንይዝልሻለን። የምመጣው ግን ላንቺ ብዬ ነው፣ ለአባቴ ቤት አይደለም። በወሬም አልመጣም፤ የሚያውቅ ሰው ዓሣውን ቆጥሮ በወረቀት ይስጥሽ» ነበር ያልሽው። በልቤ ስቄብሽ ነበር። ዓሣ እንደ በግ ይቆጠራል እንዴ? ግን አንቺን የሚያመጣልኝ ከሆነ እንኳን ዓሣውን ውኃውንም በብርጭቆ አስለካለሁ ብዬ ዓሣ ቆጣሪ አስመጣሁ።

ዓሣ ቆጣሪዋ ያንቺ እኩያ ትሆናለች። እስከ ደረቷ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሳ ከመኪናዋ ወረደችና «እማማ፣ እንደምን አደሩ» አለችኝ። እማማ! ገና በስድሳ ሁለት ዓመቴ! ዋጥ አድርጌ አለፍኩት። መረቧን በአምስት ቦታ ጣለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት መልህቅ እየቀዘፈላት አወጣችው። መልህቅን መቼም አልረሳሽውም፤ አንዴ ከተቀመጠ የማይነሣው አጥማጅ፣ ስሙንም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። ዘንድሮ የያዛትን ትልቅ ዓሣ ፎቶ በራችን ላይ ለጥፎ፣ እንዴት እንደታገለችው ለመጣው ሁሉ ይተርካል። በየሳምንቱ ርዝመቷ ላይ አንድ ጣት ይጨምርላታል።

በጠቅላላው አርባ አንድ ዓሣ ወጣ። ሁሉም ወፋፍራም፣ ጎናቸው የሚያብረቀርቅ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «አየሽ፣ ምን ብዬሽ ነበር?» ልላት አፌን ስከፍት የልጅቷን ፊት አየሁት። ከእያንዳንዱ ዓሣ ሁለት ሦስት ቅርፊት በቢላ ጫፍ እየፋቀች ትንንሽ ወረቀት ውስጥ ትከታለች፤ አትናገር፣ አትስቅ። ከዚያ ገብታ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ አስቀመጠች።

«ይዩት፣ እማማ» አለችኝ።

አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አየሁ። የዓሣ ቅርፊት እንደተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ነው ለካ! በብርዱ ወራት ዓሣው ማደጉ ይዘገይና መስመሩ ይጠጋጋል፤ እሱን ቆጥረሽ ዕድሜውን ታውቂያለሽ። ስቆጥር አምስት ሆነ። ሌላ ሰጠችኝ፣ ስድስት። ሌላ፣ አራት።

«ከአራት ዓመት በታች የሆነ አንድም የለም» አለች።

«አንድም?»

«አንድም። ለትንንሾቹ ጠባብ መረብ ለብቻው ጥዬ ነበር፤ ባዶውን ነው የወጣው። እነዚህ የወፈሩት ምግብ የሚሻማቸው ስለጠፋ ነው። እነሱ አርጅተው ሲያልቁ ሐይቁ አለቀ። ቢበዛ ሦስት ዓመት።»

ስንት ጊዜ «ዘንድሮ ዓሣው ወፍሯል» እያልኩ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ እኮ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። «ሌላም ነገር አለ» አለችኝ። «የመጀመሪያው ዓመት መስመራቸው እኩል እኩል ነው። በሰው እጅ ሲቀለቡ ነው እንዲህ የሚሆነው። እነዚህ ዓሦች እዚህ አልተወለዱም፤ ተሸክሞ ያመጣቸው ሰው አለ። ማን ነው በየዓመቱ የዓሣ ጫጩት የሚጨምረው?»

«ማንም!» አልኳት፤ ተቆጥቼ ነው። «ይህን ሐይቅ ከፈጣሪ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም።» ይህን ቃል ለአጥማጆቹ ስናገር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። በራችን ላይም በትልቁ አስጽፌዋለሁ፣ ታውቂዋለሽ።

ውጪ ወሰደችኝና ጀልባ የምናስርበትን፣ ወደ ውኃው የገባውን የሲሚንቶ መደብ በእግሯ መታ መታ አደረገችው። «ይህን ማን አፈሰሰው? ይህ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው። እዚህ እንዲያ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ጅረቱ የሚገባበት። እሱም ከዚህ ሥር ተቀብሯል።»

ድንቢጤ፣ መደቡን ያሠራሁት እኔ ነኝ። አንቺ አምስት ዓመትሽ ነበር። በጭቃው መዳከር ሰልችቶኝ አባትሽን አንድ ክረምት ሙሉ ነዘነዝኩት። እሱ «ትንሽ ወደዚያ ራቅ ብናደርገው» ብሎ ነበር። «እዚህ ካልሆነ ይቅርብኝ!» አልኩ። ጠጠሩ ለእግሬ ይመቸኝ ነበራ! ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሮጠሽበት የእግርሽ ምልክት እስከ ዛሬ ጫፉ ላይ አለ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ከምልክትሽ አጠገብ ተቀምጬ እግሬን ውኃ ውስጥ ስነክር ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዓሣውን የጨረስኩት ተቀምጬበት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መደቡ ከተሠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ዓሣው ጠፍቶ አጥማጆቹ ማጉረምረም ጀምረው እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። በዓመቱ ተመልሶ መጣ። «ጸሎቴ ሰመረ» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አባትሽ ምን አለኝ መሰለሽ? «አሜን» አለኝ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። አባትሽ ከሞተ ባለፈው ወር ሦስት ዓመት ሞላው። የሞተውም ያ ሐሙስ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። የመጨረሻው ሐሙስ እንግዲህ የዛሬ አራት ዓመት ነበር። ያንን ሐሙስ ታውቂዋለሽ፤ በዓመት አንዴ በርሜሎቹን መኪናው ላይ ጭኖ ሄዶ ዓርብ የሚመለስበት፣ «የት ነበርክ?» ሲባል «ሥራ» ብሎ የሚተኛበት።

አንቺ ዐሥራ ሰባት ዓመትሽ ላይ፣ ከተማ ገብተሽ ስትማሪ፣ በዚያ ሐሙስ አየሽው። ከአንድ ግቢ በር ሲወጣ፣ ፀጉሩ ርሶ፣ እጅጌው ተሰብስቦ። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ በእርጥብ እጇ ትሰናበተዋለች፤ እሱም ይስቃል። ቤት መጥተሽ እያለቀስሽ ነገርሽኝ። እኔም «አውቃለሁ» አልኩሽ። ወደዚች ቃል እመለሳለሁ፤ አሁን ከጀመርኩ የቀረውን መጻፍ አልችልም። አባትሽን ሄደሽ «እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ስታፋጥጪው «እናትሽ ጋ ይህን ነገር እንዳታነሺ» ብቻ አለሽ። አንቺም ማመኑ ነው አልሽ፤ እኔም ማመኑ ነው አልኩ። በዓመቱ ሄድሽ። ለቀብሩም አልመጣሽም።

ልጅቷ የሰጠችኝን የቆጠራ ወረቀት ይዤ መልህቅ ጋ ሄድኩ። «በርሜሎቹ ውስጥ ምን ነበር?» አልኩት፤ ሰላምታም የለ። ዘንጉን መሬት አስቀመጠና ተነሥቶ ቆመ። መልህቅ! ተነሥቶ ቆመ እልሻለሁ!

«እትዬ፣ አስምሎኝ ነው» አለኝ። «ከማዶ ሸንበቆው ጋ ባልዲ ይዤለታለሁ፤ ሁለት ዓመት። ከዚያ ወገቤ እምቢ አለኝ። እሷ እንዳትሰማ ብቻ ነው ያለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ከሞተ በኋላስ አፍህን ምን ያዘው?»

«ዓሣው ሲወፍር ጊዜ ደህና ነው አልኩ፤ ምን ላድርግ!»

እውነትም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በገዛ ሐይቄ፣ በገዛ ባሌ፣ ባልዲ የያዘ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ባለፈው ሐሙስ በአውቶቡስ ወደዚያ ከተማ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓሣው እንዳለ ሆኖ የሴትዮዋን ዐይን ለመጓጎጥም ነው የሄድኩት። የነገርሽኝን የብረት በር አገኘሁት፤ አንኳኩቼ ገባሁ። የዓሣ ማራቢያ ነው ለካ! ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ረጃጅም የውኃ ገንዳ ነው፤ እንደ ጥፍር ያሉ የዓሣ ጫጩቶች ይርመሰመሱበታል። ጎማ ጫማ ያደረገች፣ እጇ እስከ ክርኗ የራሰ ሴት ብቅ አለች። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። «የባለ በርሜሉ ሚስት ነኝ» አልኳት።

«የመደቡ ባለቤት!» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። «እሱስ? ያን ሐሙስ ጫጩቱን አዘጋጅተን ስንጠብቀው ዋልን እኮ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።»

መሞቱን ነገርኳት። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«በየዓመቱ 'ንገራት' እለው ነበር» አለችኝ በኋላ። «'ብነግራት ያኑ ቀን መዶሻ አንሥታ ታፈርሰዋለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የት ልትቀመጥ ነው? ግድ የለም፣ እኔ ዓሣ መሸከም እችላለሁ' ይለኛል።»

ያልኩትን አላስታውስም። የሆነ ነገር ብዬ ተነሣሁ። ከበሩ ስወጣ ከላይ ያለው ቧንቧ አናቴ ላይ ውኃውን ለቀቀብኝ፤ ከራሴ እስከ ትከሻዬ በሰበስኩ። «ውይ! ይህ ቧንቧ ይጠገናል ስንል ሃያ ዓመት! ባልሽም በወጣ ቁጥር እንዲሁ ነበር የሚረጥበው!» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። በእርጥብ እጇ ተሰናበተችኝ። ሦስት እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ቀና ብዬ ከመንገዱ ማዶ አየሁ፤ አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ የቆምሽበትን ቦታ። ያየሽው ይህንን ነበር፣ ልጄ። ያየሽው ይህንን ብቻ ነበር።

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። አንድ አላፊ «እናቴ፣ አመመዎት?» አለኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። አላውቅም ነበር፣ ድንቢጤ። ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም። በልጄ ፊት የተታለለች ሞኝ መስዬ እንዳልታይ ብዬ ነው «አውቃለሁ» ያልኩሽ። እኔ «አላውቅም» ብል ኖሮ አንቺ ጠያቂ ልጅ ነበርሽ፤ ያን በር ሄደሽ ታንኳኪው ነበር። በሩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያችን ውሸቴን ራሴም አምኜ፣ ከጎኑ እየተኛሁ ስምንት ዓመት አኮረፍኩት። አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ «ሐሙስ መሄድ አለብኝ፤ ይጠብቁኛል» እያለ ሊነሣ ሲታገል «የሚጠብቁህ ይጠብቁ» ብዬው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐሙስ አላነሣም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የቆጠራውን ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ደብቄ «ሐይቁ ሞልቷል፣ ነይ» ልልሽ ሁለት ቀን ሙሉ አስቤ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን አንዲት ውሸት ያደረገችንን ካየሁ በኋላ ሁለተኛ አልደግምም። ዓሣ ቆጣሪዋ ሲሚንቶው ተነሥቶ ጠጠሩ ከተጸዳ፣ ከማራቢያው ጫጩት ከተጨመረ፣ ምናልባት እዚሁ ይወልዱ ይሆናል ትላለች። «ቃል አልገባም፣ እማማ» ነው ያለችው። ቢሆንም እንኳ ለመንጠቆ የሚበቃ ዓሣ ለማየት አራት ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ በቃልሽ መሠረት ሐይቁ ሰው አያኖርም። ባትመጪ አልቀየምሽም።

ከትናንት ጀምሮ በአባትሽ መዶሻ መደቡን እያፈረስነው ነው። መልህቅ ሦስት ይመታና ይቀመጣል፤ በዚህ አያያዙ ዓሣው ቀድሞን ይወለዳል። ከዳር ጀምረን ወደ ውስጥ እየገባን ነው። ጫፉን፣ የእግርሽ ምልክት ያለበትን፣ እኔ መምታት አልችልም። እሱን ትቼዋለሁ።

ማራቢያው ለሚመጣው ዓመት የአባትሽን ድርሻ እንዲያስቀምጥልኝ ነግሬያለሁ፤ በዚያው ሐሙስ። በርሜሎቹን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፍቻቸዋለሁ። መኪናዋም ትነሣለች፤ እኔ ግን መንዳት አላውቅም። አንቺን መንዳት ያስተማረሽ በዚያችው መኪና ነው።

መንገድሽ ሁሉ ቀና ይሁን። እንጀራሽ ከላብሽ፣ እንቅልፍሽ ከሰላም ይሁንልሽ። ትዳርሽን እኔ ከያዝኩት በተሻለ አያያዝ ያስይዝሽ፤ የጠረጠርሽውን የምትጠይቂበት አፍ አይንሳሽ። አባትሽ ካለበት ይማረኝ፤ አንቺም ስትችዪ።

እናትሽ፣
ምንም ያላወቀችው