የአባቴ በር

መስከረም 6
ዛሬም ቀለም። የቲያትር ቤቱን መልበሻ ክፍሎች እየቀባሁ ነው። ሁለቱ አልቀዋል፤ የሦስተኛው ግድግዳ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት። መምህሯ "በየቀኑ ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ" አለች። ከክፍሉ ሁሉ የሚያምረው የኔ ጽሑፍ ነው ተባለ። ማን አለ? እሺ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ግን ማንም አልተቃወመም።

አለቃዬ "ቅዳሜ ጉንጮ ይመጣል" አለ። ጉንጮ! የሬዲዮው ቀልደኛ! ብሩሼ ከእጄ አመለጠ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ድምፁን እያስመሰልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ እንባው እስኪወርድ ይስቅለት ነበር። ቀልድ የተማርኩት ከጉንጮ ነው። አሁን ሳልበልጠው አልቀርም።

መስከረም 9
ለልምምድ ቀድሞ መጥቶ አገኘሁት!! ለካ አጭር ነው...

"ጋሼ፣ ቀለሙ አልደረቀም፣ ግድግዳውን አይደገፉ" አልኩ። ዕድሜ ልኬን ጠብቄ የመጀመሪያ ቃሌ ይሄ ይሁን? እሱ ግን "አንተ ቀለም ቀቢ፣ የሚያስቅ ነገር የለህም?" አለኝ። እኔን! የለህም ወይ ይለኛል!

የበሩን ነገር ነገርኩት። አባቴ ከፈረሰ ሕንፃ ገዝቶ ለቤታችን የገጠመው በር። ቀይ ጽሑፍ ነበረበት። ከቤታችን ማንበብ የሚችል የለም፤ ጌጥ መስሎን በየሳምንቱ እንወለውለዋለን። ቤታችን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው። የማናውቃቸው ሴቶች ያንኳኳሉ። "ውስጥ ነው?" ይላሉ። አባቴ "ውስጥ ነው እንጂ! ግቡ፣ ግቡ!" ይልና ጎንበስ ብሎ ያስገባል፣ ወንበር ይስባል፣ ውሃ ያቀርባል። እነሱ አፍረው ይወጣሉ። "ሰው ይወደናል" ይላል አባቴ። ማንበብ የቻልኩት በቅርቡ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእህቴ ነው፤ ሄጄ በሩን አነበብኩት። የሴቶች ሽንት ቤት።

ጉንጮ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ሦስቴ አስደገመኝ። አባቴ እንዴት ጎንበስ እንደሚል ተነሥቼ አሳየሁት። የቅዳሜውን ሁለት መግቢያ ሰጠኝ።

እህቴ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ያን ቀን ስነግራት ስታለቅስ ነው የዋለችው። ልቀባው ስላትም "የአባቴን በር እንዳትነካ" አለች። ግን ጉንጮ "ማንም" ነው እንዴ? ጉንጮ እኮ ነው!

መስከረም 10
እህቴን ጋበዝኳት። "ከፊት ነው የምንቀመጠው፣ ያውቀኛል" አልኳት። "አንተ ጉረኛ" አለች። ግን ሳቀች።

መስከረም 12
ፊደሉ ቢንጋደድ ይንጋደድ።

ጉንጮ የበሩን ታሪክ አወራው። ሺህ ሰው ፊት። "አባቴ" እያለ፣ የራሱ አድርጎ። አባቴን ሰካራም አደረገው! አባቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሴቶቹን ለመሳም የሚንጠራራ ሽማግሌ አደረገው። ያቺ አጎነባበስ ግን ራሷ ናት። እኔ ያሳየሁት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ቀድሞ የሳቀ ማን ነው? እኔ! ድምፁን ስሰማ አፌ ራሱ ተከፈተ... ልማድ ነው? እህቴ አየችኝ። "ነገርከው" አለች። ተነሥታ ወጣች።

መስከረም 13
በንዴት እህል አልወርድልህ አለኝ። የተናደድኩት በጉንጮ ብቻ አይደለም። ማንበብ የሚችሉ ጎረቤቶች ነበሩን። ሃያ ሁለት ዓመት አንብበው፣ አንብበው... አንድ ሰው እንኳ አባቴን ወደ ጎን ጠርቶ አይነግረውም? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!

እኔስ? እነሱ እኮ ቢያንስ በዝምታ ነው የሳቁት።

መስከረም 14
ጉንጮን መልበሻ ክፍሉ ገባሁበት። ጋሼ ማለቴን ተውኩ።
"አባቴን ለምን አሰከርከው?"
"ካልሰከረ አያስቅማ!"
"የኔ አባት ነው!"
"ወንድሜ፣ ሦስቴ እየሳቅህ ነገርከኝ። አባቱን የሚወድ ሰው ነው ብዬ በምን ልወቅ?"

በሩን በላዩ ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሃያ መልስ መጣልኝ፤ ምን ያደርግልኛል? አባቴ ስንት ዓመት ሙሉ ስቆለት፣ እሱ ደግሞ በአባቴ ይሳቅ!

መስከረም 15
አለቃዬ "ጉንጮ ሊሰነብት ነው፣ በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ስሙን ጻፍለት። አሁን ትችል የለም?" አለ። ቀይ ቀለም በጠበጥኩ። በእርሳስ "ሽንት ቤት" ብዬ ሞከርኩ። ቆሜ አየሁት። አማረ! ከዚያ አጠፋሁት። አዝኜለት አይደለም፣ እንዳይመስለው። የአባቴን በር ለሱ አላውሰውም።

ስሙንም አልጻፍኩም። ብሩሼን አጥቤ ወጣሁ። አለቃዬ እየጮኸ ነበር። ይጩህ።

መስከረም 19
እህቴ ቤት ሄድኩ። አንኳኳሁ።
"ማነው?"
"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"
"እዚህ ሽንት ቤት የለም። ሌላ ቦታ ፈልግ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ቀልድ እመልስ ነበር። ደብተሬን አወጣሁ። አራት ቀን የጻፍኩትን፣ በሩ ላይ ተደግፌ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ይይ።

"ቤታችን መዝጊያ አልነበረውም፤ ጆንያ ነበር የተጋረደው። እህቴ አደገች። አባቴ 'ልጄ የምትቆልፈው በር ያስፈልጋታል' አለ። በሩን ተሸክሞ ከከተማው ዳር እስከ ዳር በእግሩ መጣ። እግሩ ቆስሎ ሳምንት አነከሰ። ቁልፉን ለሷ ሰጣት።"

ይህን ለጉንጮ አልነገርኩትም ነበር። አያስቅማ።

መቀርቀሪያው ተንቋቋ፤ በሩ በትንሹ ተከፈተ። ዓይኗ ቀልቷል። አሁንም ተቆጥታለች።

"እግሩ አይደለም የቆሰለው" አለች። "ትከሻው ነው። አስተካክለህ ጻፍ።"

እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጬ አስተካከልኩ። ትከሻው።