የእሺ ቆጠራ

የካቲት 6

የጠዋት ቆጠራ። የወንጌል ትራክት አራት መቶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አሥራ ሁለት፣ ብርድ ልብስ ሦስት፣ ጊታር አንድ፣ ባል አንድ፣ ልጅ አንዲት። ተሟልቷል።

ባሌ ሻንጣውን አንሥቶ፣ "ወንጌል ልንመሰክር ነው ወይስ ጨርቅ ልንቸረችር?" አለ። ይሳቅ። በሥርዓት ያልታሰረ ዕቃ መንገድ ላይ ይበተናል፤ ወንጌልም ቢሆን።

የጨርቅ ሱቄን ለአክስቴ ልጅ አደራ ሰጠሁ። "ስትለኪ ጨርቁን አትወጥሪ" አልኳት። አሥር ቀን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ አንድ ቤተሰብ ለምስክርነት ይልካል። ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው። ከተማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። "ማንም ያልሄደበት ነው" አልኳቸው። እውነት ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ እዚያ እንደምትኖር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ያውቃል።

የካቲት 7

ደረስን። ማደሪያችን ከጋራዥ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል። ሁለት አልጋ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ በካርቶን የተደፈነ መስኮት። ቧንቧው ግቢው ውስጥ ነው፤ ውኃው የሚመጣው ጠዋት ብቻ።

ከሰዓት ጀመርን። ቤት አሥራ አራት፣ እሺ ያሉ ዘጠኝ። ለመጀመሪያ ቀን መጥፎ አይደለም።

ዘዴዬ የሱቅ ነው። ሰላምታ፣ ስለ ልጆቻቸው መጠየቅ፣ ከዚያ የትራክቱን ወረቀት እጃቸው ላይ ማስያዝ። ሰው አንዴ የያዘውን መመለስ ያፍራል።

ስንመለስ በእትዬ ሱቅ ትይዩ አለፍን። የስፌት መኪናዋ በሩ ላይ ነው። አጎንብሳ ትሰፋለች። ያ ሁሉ ትከሻ ወዴት ሄደ? አልገባሁም። ነገ... ወይም ከነገ ወዲያ።

የካቲት 8

ቤት ሃያ ሁለት፣ እሺ አሥራ አምስት።

ከእትዬ ሱቅ ጥግ የሚቀመጡ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አሉ። ሩብ ሰዓት ሙሉ መሰከርኩላቸው።

"እሺ እመቤት፣ እሺ ብያለሁ" አሉ። "አሁን ወይ ጫማሽን አውልቂ፣ ወይ ፀሐዬን ልቀቂልኝ።"

እሺ ብዬ መዘገብኳቸው። ልጄ ደብተሬን አይታ ሳቀች።

"እማዬ፣ እኚህንም ቆጠርሻቸው?"

"እሺ ብለዋል።"

"'እሺ፣ ዞሬ እመጣለሁ ያለ ደንበኛ ዞሮ አይመጣም' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

"ያ ጨርቅ ነው።"

"ጨርቁንማ ቢያንስ ይዳስሱታል።"

ዕድሜዋ አሥራ ሰባት፣ ምላሷ አርባ። ባሌ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ደብተሬን ዘጋሁት።

የካቲት 9

ገባሁ። ካየኋት አሥራ አንድ ዓመት።

"በር ላይ አትቁሚ፣ ብርሃን ትከልይኛለሽ" አለች ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና አለች።

አላለቀሰችም። እኔም። የቀሚሴን ጠርዝ ይዛ ገለበጠችው። "ይሄን ማነው የሰፋልሽ? ገድሎታል።"

ዓይኗ ቢጫ ነው። ሆዷ አብጧል፣ ክንዷ እንጨት ሆኗል። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ነበር? አልኳት። "ሄጄ ነበር። መድኃኒት አልጻፈልኝም። ቢኖረው ይጽፍ ነበር።" እንደ ዋዛ። እኔ የተጠቀለለ ጣቃ አይቼ የቀረውን ሜትር እገምታለሁ፤ ብዙም አልስትም። እትዬንም አየኋት። ብዙ አልቀረም።

ጊዜ የለም ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ። "ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺው አንብቢልኝ" አለች። አነበብኩ። አስረዳሁ። ጌታን ሳትቀበዪ ብትሄጂ እኔ ምን ይውጠኛል... ብዙ ተናገርኩ። እሷ ትሰፋለች።

"እሺ" አለች።

"እሺ?"

"እሺ አልኩሽ። በይ ክር አስገቢልኝ።"

ክሩን አስገብቼላት እየከነፍኩ ተመለስኩ። ለባሌ ነገርኩት።

"ምን አለች?"

"እሺ አለች።"

"ከዚያስ?"

"ክር አስገቢልኝ አለች።"

"አንቺ ሴት..." አለና ተወው።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እትዬ፦ እሺ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የካቲት 10

ጠዋት ቧንቧው ሥር ቆሜ ትዝ አለኝ። ባልዲው ሞልቶ ጫማዬ ላይ ሲፈስ ቆሜ አየሁት።

ያኔም እሺ ነበር ያለችኝ።

ለራሴ ልጻፈው። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ጨርቅ መለካትም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚያ አንድያ ልጇ በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች፤ የሦስት ቀን ትኩሳት። የቀበርናት ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ "ለበጎ ነው እትዬ። ጌታ የሚሠራውን ያውቃል። አታልቅሺ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ማልቀሷን አቆመች። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቆመች። በወሩ ከተማውን ለቃ ሄደች። እኔ ያጽናናሁ መስሎኝ... ስንት ዓመት መስሎኝ ኖረ?

ደንበኛ እሺ ሲለኝ ልቡ ከሱቁ እንደወጣ አውቃለሁ። የገዛ እህቴን እንዴት አላወቅሁም?

ዛሬ ለምስክርነት አልወጣሁም። ራሴን አሞኛል አልኳቸው።

የካቲት 11

ወረቀት ሳልይዝ ሄድኩ። ጫማ ሰፊው ከሩቅ አይተውኝ፣ "ያ ወረቀትሽ ጥሩ ነው፤ አጥፌ የበርጩማዬን እግር አስተካከልኩበት" አሉ። የሚወላገድ ነገር ማስተካከሉም አንድ ነገር ነው አልኳቸው። ሳቁ።

እትዬ ዘንድ ተቀምጬ ትርፍ ክር ስቆርጥ ቆየሁ። ከዚያ፣

"እትዬ፣ ያን ቀን ለበጎ ነው ያልኩሽ..."

የስፌት መኪናው ቆመ።

"ለምን እንደሞተች አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም። አላውቅም ብዬ አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ።"

መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

"ይቺን ለማለት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብሽ?"

"አዎ።"

"ድሮም ዘገምተኛ ነሽ። ቁልፍ መትከል ያስተማርኩሽ ሁለት ክረምት ሙሉ ነው።"

ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ጀርባዋን ደገፍኳት፤ የአጥንቷ ቁጥር በእጄ ይታወቀኛል። ሲያልፍላት፣ ልጸልይልሽ? አልኳት።

"እምቢ።"

ደነገጥኩ።

"ዛሬ እምቢ። ዛሬ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ እስኪመሽ። ደብተሬ ውስጥ ሃያ አምስት እሺ አለ፤ ሁሉም ቢደመር ይህችን አንዲት እምቢ አያህልም። ሰው እምቢ የሚለው ጥሎት እንደማይሄድ ለሚያምነው ነው።

የእትዬን እሺ ሰረዝኩት።

የካቲት 15

ባሌና ልጄ ዛሬ ተመለሱ። እኔ ቀረሁ።

ትናንት ልጄ እትዬን ልሰናበታት ስላለች ይዣት ሄድኩ። እትዬ ብዙ አየቻት። ከዚያ ሳትጠይቅ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ የልጄን ትከሻ ለካች፣ ወገቧን ለካች። ሰማያዊ ጨርቅ ከመደርደሪያ አወጣች።

"የኔዋም ይሄን ያህል ትሆን ነበር" አለች። "ምናልባት ትንሽ ትረዝማለች።"

ልጄ ያቺ ምላሷ ጠፋች። ቀስ ብላ መዝሙር ጀመረች፣ ያለ ጊታር። እትዬ ዝም በይ አላለቻትም። ጨርቁን በመዝሙሩ ልክ እየቆረጠች...

አውቶቡስ ተራ ባሌ፣ "ለመጋቢው ምን ልበል?" አለኝ። ገና ነው በላቸው አልኩት። እጄን ይዞ ቆየ። ሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም።

የካቲት 18

ከአልጋ አልተነሣችም። የልጄን ቀሚስ እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ከትራስዋ ላይ ታዘኛለች። "ፍቺው፣ ጠምሟል።" እፈታለሁ። "አሁንም ጠምሟል።" እፈታለሁ። ለሰው ሁሉ ጨርቅ የምሸጥ ነጋዴ እጅጌ መግጠም አቃተኝ።

ከሰዓት፣ "ያ ያነበብሽልኝ... ስለ ልጆች የሚለው አለ አይደል? ድገሚልኝ" አለች።

"ሕፃናት ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው" የሚለውን አነበብኩላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምን ማለት ነው? ልጠይቃት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

"አሁን መጸለይ ትችያለሽ" አለች። "አጭር ይሁን።"

አጭር ጸለይኩ።

የካቲት 21

እትዬ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞተች። እጄ በእጇ ውስጥ ነበር።

የካቲት 22

ቀበርናት። የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ባሌና ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው ደረሱ።

ጫማ ሰፊው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀረቡኝ። ደግ ሰው ናቸው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ውኃ የሚያመላልሱላት እሳቸው ነበሩ።

"ለበጎ ነው ልጄ" አሉኝ። "ከሥቃይ ተገላገለች። አታልቅሺ።"

"እሺ" አልኳቸው።

የካቲት 24

የእትዬን ክፍል አጸዳን። የስፌት መኪናውን ልጄ ትወስዳለች፤ እምቢ አልለቅም ብላ ታቅፋው ተቀምጣለች። ትራክት ሦስት መቶ ሠላሳ ተርፏል። ጫማ ሰፊው አንድ ጠየቁኝ። ለበርጩማ ነው? ብላቸው፣ "አይ፣ በርጩማውስ ቆሟል። ማታ ማታ ሰው አነብልሃለሁ ካለኝ ብዬ ነው" አሉ። ትራክት ሳይሆን መጽሐፍ ቅዱስ ሰጠኋቸው። አልመዘገብኳቸውም።

መጋቢው ደወሉ። ካጽናኑኝ በኋላ፣ "ለሪፖርቱ... ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ ልበል?" አሉ።

"ቁጥር የለኝም መጋቢ።"

"እኅትሽስ?"

ጌታን አምናለሁ፤ ያን አልተውኩም። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር ምን አየች? እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

"አላውቅም" አልኳቸው። ይህን ቃል ለመጋቢ ጮክ ብዬ ለማለት ስንት ዓመት...

ቀሚሱ አልቋል ማለት ይቻላል። እጅጌው ትንሽ እንደ ጠመመ ነው። ልጄ እንዳትፈቺው አለችኝ።

ነገ፦ ጠዋት ገበያ ወጥቶ ሰማያዊ ቁልፍ መግዛት። ስድስት፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ። የጨርቁን ቁራጭ ለማመሳከሪያ መያዝ።