ኖምቩላ ያለ ወንድ እንቁላል ጣለች

ለኮረፈችኝ ውዴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እናትሽስ፣ ያ ጉልበታቸው በዚህ ዝናብ እንዴት ሆነላቸው? ዶሮዎቹስ ደህና ናቸው? የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ያዘ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ፣ የያዝኩትን ሥራ መጨረስ አቅቶኛል። ትናንት የሰው ፍሪጅ ፈትቼ መልሼ ስገጥም ብሎኖች ተረፉኝ። ባለቤትየዋ አጠገቤ ስለነበረች ኪሴ ከተትኳቸው።

ስልክ ስደውል አታነሺም። ይሁን፣ መብትሽ ነው። የአክስትሽ ልጅ ሐሙስ ለዶሮ መኖ ከሪችመንድ ወደዚህ ይመጣል ስላሉኝ በእሱ እጅ ልልክልሽ ይኸው ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሁለት ወሬ ይዣለሁ። ትንሿን ላስቀድም፤ ኖምቩላ እንቁላል ጣለች።

አዎ፣ ያቺው ሲነኳት እንደ ኳስ ተጠቅልላ ራሷን የምትደብቀው ዘንዶዬ። አንቺ በሄድሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ሣጥኗን ብከፍት ነጫጭ ነገር ታቅፋ ተጠምጥማለች። ስድስት ናቸው። እንደ ዶሮ እንቁላል ደረቅ አይደሉም፤ ቅርፊታቸው እንደ ለፋ ቆዳ ነው፣ ከዳር ካለው ከአንዱ በቀር እርስ በርሳቸውም ተጣብቀዋል። ላብ አጠመቀኝ። ጣት በምታክልበት ጊዜ ከባለታክሲው ከላንጋ ከወሰድኳት ወዲህ ወንድ የሚባል አይታ አታውቅም፣ ከእኔ በቀር። በሐምሌው ብርድ አንቺ እናትሽ ዘንድ ይዘሻት ከሄድሽበት ጊዜ በስተቀር ከክፍሌም ወጥታ አታውቅም።

ወዲያው ለላንጋ ደወልኩ። በዚህ ሰፈር ስለ እባብ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እሱ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ታክሲውን ተሳፋሪ እንደሞላ በራችን ላይ አቁሞ ገባ። አያቸውና አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ባዶ ናቸው፣ ወንድ ያላየች ሴት አንዳንዴ እንዲህ ታደርጋለች፣ ሳይሸቱ ጣላቸው አለኝ። እኔው ልጣልልህ ብሎ ፌስታል ሁሉ ጠየቀኝ። ውጭ ያሉት ተሳፋሪዎች በጥሩምባው እየተጫወቱ ሲያስጮሁት እንኳ አልሄደም። እኔ ግን አንጀቴ እሺ አላለኝም። ሲሄድ መጋረጃውን ዘግቼ የስልኬን መብራት ከሥራቸው አበራሁባቸው። ውስጣቸው ሮዝ ነው፤ እንደ ቀይ ክር የቀጠነ የደም ሥር ይታይባቸዋል። ሕይወት አላቸው። ይህን ስነግረው ላንጋ፣ ለነገሩ ያለ ወንድ የሚፀነስበትም ጊዜ አለ፣ የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ አለ። እሱ ካለ ብዬ አመንኩት።

እናቴን ታውቂያት የለ? እባብ ቤት ከገባ የሞተ ዘመድ ነው፣ በክብር ይሸኛል እንጂ ሣጥን ውስጥ አይቆለፍበትም ብላ ስንት ዓመት የክፍሌን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ያለ ወንድ መፀነሷን ስትሰማ ጊዜ ግን ጫማዋን አወለቀች፣ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ደረበች፣ ገብታም መሬት ላይ ተቀመጠች። ከሟቹ አባቴ ጋር ስታወራ ከውጭ ሰማኋት። ስትወጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ይሄ የአባትህ ሥራ ነው። ልጅቷን አምጣ እያለህ ነው። አንተ ስትንቀረፈፍ እሱ ሰለቸውና በእባቧ አናገረህ።»

ሳቂ ግዴለም፤ እኔም ስቄያለሁ። ትልቁ ወሬ ግን የመጣው ከዚሁ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ እንዳቃጠልኩሽ፣ ጓዝሽን ጠቅልለሽ የሄድሽውም በዚያ እንደሆነ አላጣሁትም። አሁን የጥሎሹ ከብት ተገኝቷል። አጎቶቼም እሺ ብለዋል፤ ከበራችሁ ቆመው የዘራችሁን የውዳሴ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ደጅ ማስጠናቱ ወግ ነውና ይቅር አልልም፣ ግን ትልቁ አጎቴ ወገቡን ስለሚያመው እናትሽ ቶሎ እንዲከፍቱላቸው ለምኝልኝ። ቀኑን የቆረጠችው እናቴ ናት፤ እንቁላሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ይሂዱ ብላለች። ከሞቱስ? አልኳት። ከሞቱ አባትህ ሐሳቡን ቀይሯል ማለት ነው፣ ማንም ከቤቱ ንቅንቅ እንዳይል አለች።

እና ውዴ፣ ትዳራችን ያለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሞተሩ የተቃጠለ አሮጌ ፍሪጅ መፈልፈያ አደረግሁት። የሙቀት ገመድ ዘረጋሁበት፣ መቆጣጠሪያ ገጠምኩለት፣ እንቁላሎቹን እርጥበት በሚይዝ የችግኝ አፈር ላይ አስቀመጥኳቸው። ስትጥላቸው ወደ ላይ የነበረውን ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ የእባብ እንቁላል ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይታፈናላ። ሥራ ቦታ ሆኜም ሐሳቤ እዚያው ነው። መቆጣጠሪያው ቢበላሽስ? አይጥ ገመዱን ቢቆርጠውስ? ሰው መብራቱን ያጠፋው እየመሰለኝ ከደንበኛ ቤት ሮጬ ተመልሼ አውቃለሁ።

*

ሐሙስ አለፈ፤ የአክስትሽ ልጅ አልመጣም። ልቀጥልልሽ።

በመብራት ፈረቃ ላይ የዝናቡ ብርድ ተጨመረበት። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ሰፈራችንን ኤደንዴልን በሙሉ ሸፈናት። እኔ ሆዊክ ከተማ የአንድ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ እየሠራሁ ነበር። መብራቱ በሰዓቱ ሄደ፣ በሰዓቱ ግን አልመጣም። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ፈነዳ አሉኝ። ለእናቴ ደውዬ፣ በእናትሽ፣ በጋዙ ውኃ አፍዪና በጠርሙስ በጠርሙስ አድርገሽ ፍሪጁ ውስጥ ደርድሪልኝ አልኳት። አንተ ደጅ ሳትኖር እኔ እዚያ ክፍል ብቻዬን? አለች፤ መልሳ ደግሞ፣ እሺ፣ አባትህ ካለ ምን አስፈራኝ አለች።

ስደርስ የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ለፍሪጁ አልብሳ፣ የአልጋዋን እንኳ ሳታስቀር፣ ጠርሙሶቹን እያፈራረቀች አገኘኋት። ፊቷ በላብ ርሷል። ለኖምቩላም የበቆሎ ገንፎ በእርጎ አድርጋ በሣጥኗ ደጃፍ አስቀምጣላታለች። አቅፌ ሳምኳት። ከዚያ ፍሪጁን ብከፍት ዳር ላይ ያለው እንቁላል ምልክቱ የለም። ምልክቱ ወደ ታች ዞሯል።

«እማዬ፣ ይሄን ነካሽው እንዴ?»

«አገላበጥኩት እንጂ። ዶሮ እኮ እንቁላሏን ሳታገላብጥ አትውልም። ይቺ እናት ተብዬ ዘወር ብላ አላያቸው ስትል ጊዜ አሳዘኑኝ። ሌሎቹ ተጣብቀው እምቢ አሉኝ እንጂ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ያስፈለፈለች ሴት ናት። እግዜር ይስጥሽ አልኳትና ወደ ጓሮ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። እንቁላሉ በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ ጎደጎደ። አምስት ቀሩ። ከዚያ በኋላ የፍሪጁን በር ቁልፍ አበጀሁለት፣ ቁልፉንም አንገቴ ላይ አሰርኩት። በየቀኑ በስልክ መብራት አያቸዋለሁ። ሲንቀሳቀሱ ያየሁ ይመስለኝና ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ዓይኔ ነው ብዬ እጠራጠራለሁ። አንቺ እዚህ ብትሆኚ ኖሮ «እንቁላሎቹ ተረጋግተው ተኝተዋል፣ የምትገላበጠው አንተ ነህ» ትይኝ ነበር።

*

ተፈለፈሉ።

መጀመሪያ አንደኛው ቅርፊቱን በአፍንጫው ሰንጥቆ ጫፉን ብቻ ብቅ አደረገ። እንዲህ ሆነው አንድ ቀን ይውላሉ፣ የአስኳሉን ትርፍ እስኪጠጡ ድረስ፤ የቸኮለ ሰው ቢጎትታቸው ይሞታሉ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። እናቴ ከበሩ ሆና ቀስ ባለ ድምፅ እልል አለች። ለአጎቶቼም በዚያው ደወለች፤ ቅዳሜ፣ በጠዋት፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ አለቻቸው። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ። ያንቺን ፊት እያሰብኩ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ አምስቱም ወጡ። አጥቤ አደረቅኋቸውና ጀርባቸው ታየ። ሁለቱ ቁርጥ እናታቸውን ናቸው፤ ጥቁር ላይ ደማቅ ቡናማ ጣል ጣል ያለባቸው። ሦስቱ ግን ወርቅማ ናቸው፣ ሸረሪት ያደራባቸው ይመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ አላቸው። ራሳቸውን ቀና ሲያደርጉ ደግሞ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ይወዛወዛል። እናቴ አጎንብሳ ብዙ አየቻቸው።

«አየህ?» አለችኝ። «አባትህ በመጨረሻው ሰሞን ራሱ ልክ እንዲህ ይል ነበር። መጣ እኮ።»

እኔ ግን ይህን መልክ አውቀዋለሁ። ያለ አባት አይመጣም፤ ይህ መልክና ይህ ውዝዋዜ አብረው የሚወረሱ ናቸው። እኔ በማውቀው በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ወንድ አንድ ብቻ ነው። ላንጋ ከጆሃንስበርግ ያስመጣው፣ ስብከት ላይ ያለ ይመስል ራሱን ስለሚያወዛውዝ «ፓስተር» ብሎ የሚጠራው። ለሰው አያውሰውም፣ ከቤቱም አያወጣውም። የዘንዶ ሴት ደግሞ የወንዱን ዘር ወራት ይዛ መቆየት ትችላለች፤ ይህንንም ያስተማረኝ ላንጋ ነው።

በሐምሌው ብርድ ሁለት ሳምንት እናትሽ ዘንድ ነበርሽ። እናትሽ እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ካዩ ክፍሉን ለቀው ውጭ የሚያድሩ ሴት ናቸው። ኖምቩላን ይዘሽ እንዴት ገባሽ ብዬ ያኔ አልጠየቅሁም፤ ዛሬም አልጠይቅሽም።

ከላይ የጻፍኩትን ልቀደው ነበር፤ ተውኩት። ስጽፈው ከልቤ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከፍሪጁ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ፍሪጁ ስመላለስ ዋልኩ። እናቴ ደስታ ነው ብላ ተወችኝ።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ። እባብ በሚያረቡ ሰዎች ዘንድ ልማድ አለ፤ ወንዱ የእሱ የሆነ ሰው ከተፈለፈለው ድርሻውን ይወስዳል። ሦስቱን በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ወደ ታክሲ ተራው ሄድኩ። ላንጋ መሪውን ተደግፎ የተጠበሰ በቆሎ ይበላ ነበር። ሳያየኝ ተሳፋሪ መስዬው «ሪችመንድ፣ ሪችመንድ» አለ። ከረጢቱን በመስኮቱ ዘረጋሁለት።

«ድርሻህን አምጥቼልሃለሁ» አልኩት።

በቆሎውን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ከረጢቱን ተቀበለኝ፣ አፉን ፈታ አድርጎ አየ፣ መልሶ አሰረው። የምን ድርሻ? ቢለኝ ኖሮ፣ ማርያምን፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ሄጄም ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ በደስታ እቀደው ነበር። አልጠየቀኝም። ወደ ጭኑ አስጠጋውና «እየበሉ ነው?» አለኝ።

አጎቶቼን ቅዳሜ አትሂዱ ብያቸዋለሁ። ትልቁ በወገቡ ስም አመስግኖኛል። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ ለሙሽራዋ ብላ ከሣጥን ያወጣችውን ምንጣፍ ፀሐይ ላይ አስጥታ እያራገፈች ነው፣ ከዚህ ሆኜ አያታለሁ።

እናትሽን ጉልበታቸውን እግዚአብሔር ያበርታልኝ። ዶሮዎቻችሁ ይርቡ፣ ማንጎአችሁ ያፍራ። አንቺንም ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የሚበጅሽን ይስጥሽ፣ በሄድሽበት ክፉ አይንካሽ።

ወንድምሽ ነኝ።