ወልዴ የሚናገረው ፈረንሳይኛ

ግንቦት 6፣ 1999። ሰኞ ጠዋት

ምዕ. 7 ዛሬም አልገባኝም። መጽሐፉ ላይ «ከመካከለኛ ከፍ ላሉ ተማሪዎች» ይላል። እኔ ከፍ ያልኩት በዕድሜ ብቻ ነው። አ.አ. ሆቴል በር ላይ ቆሜ የለቃቀምኩት ፈረንሳይኛ ለሻንጣና ለቁልፍ ይበቃል፤ ለሰው ልብ አይበቃም። መጽሐፉን ያመጣችልኝ የልጄ ልጅ መክሊት፣ አባባ ፈተናው መቼ ነው እያለች ትስቅብኛለች። ሳቂ፣ አንቺም ታረጃለሽ፤ ያኔ ቻይንኛ ይፈትንሽ አልኳት። ዝናብ። መብራት የለም። ሰው ሁሉ ስለ ሚሊኒየም ይንጫጫል።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ከወልዴ ቤት መጣሁ። ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ከፋሲካ ወዲህ፣ ደም ግፊት ከጣለው ወዲህ፣ ጓደኛዬ አማርኛ የለ፣ የሁላችንም የከፋ አገር ቋንቋ ካፊኖኖም የለ። ፈረ. ብቻ። ያውም ልጅ ሳለ ሚሲዮን አዳሪ ት/ቤት የተማረውን። ሐኪሙ አንጎል እንዲህ ያደርጋል፣ የኋለኛው ይጠፋና የፊተኛው ይቀራል አለ። ታዲያ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ካፊኖኖ አይቀድምም ወይ ብዬ ብጠይቀው ብዕሩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሚስቱ አስካለ አጠገቡ ተቀምጣ አፍ አፉን ታያለች። ሰፈሩ ውስጥ ፈረ. የሚሰማ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ። ለእኔ ምን አለ? ሳይሞት አንድ ቃል እንዲተውላት ነው የምትፈልገው። አንድ።

ግንቦት 9፣ ሐሙስ

ዘዴዬ ይኸው። ልብ ወለድ አነብለታለሁ፣ እሱ ይናገራል፣ እኔ እማራለሁ። ልብ ወለዱ ሽፋን የለውም፤ ሰው በጀልባ ስለምታሻግር አንዲት መበለት ነው። እስካሁን ማንን እንዳሻገረች አላወቅኩም። ስሳሳት ወልዴ በደኅናው እጁ አልጋውን ይመታል። ግማሽ ጎኑ ሞቷል፤ እርማቱ አልሞተም።

ዛሬ በረጅሙ ተናገረ። ዝናብ፣ በር፣ እናት የሚሉትን ብቻ ያዝኩ። አስካለ ምን አለ ስትለኝ ሰይጣኔ መጣ። ወጥሽ ጨው በዝቶበታል ይላል አልኳት። «ውሸታም ሽማግሌ! ስለ ወጤ ክፉ ወጥቶት አያውቅም!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ መታችኝ። ሳቀች። ከታመመ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ። ወልዴ ግን አልሳቀም። በሩን በሩን እያየ ደነገጠ።

ግንቦት 13፣ ሰኞ

ተስፋ የለም። ማታ ያጠናሁት ጠዋት የለም። ወንፊት ሆኛለሁ። እሱም ድምፁ ቀጥኗል፤ እኔ እስክደርስበት ማን ይጠብቀኛል?

አስካለ ዛሬ ቀልድ አልፈለገችም። ስሜን ጠርቶ ያውቃል ወይ አለችኝ። አልጠራም። እኔ ግን ደጋግሞ ጠርቶሻል አልኳት። ደብተሬ፣ እንዲህ አትየኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?

ግንቦት 16፣ ሐሙስ

ዛሬ ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

አንብቤ መጽሐፉን ስከድን ወልዴ በግድ ቀና አለ። የቃል ፈተና እንደሚፈተን ልጅ አንድ በአንድ ተናገረ፤ እኔም አንድ በአንድ ያዝኩ። ፍሬር አለኝ። የሚሲዮኑን መምህራን እንዲያ ነበር የሚጠሯቸው። ትምህርቴን ይዣለሁ፤ የአገሬን ቋንቋ አልተናገርኩም፤ መንደራችን ማንኪራ፣ እናቴ ጋ መቼ ትሰዱኛላችሁ አለ። ከዚያ አስካለን በዓይኑ አሳየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህች ደግ ሴት በካፊኖኖ ታናግረኛለች፤ እኔ አልመለስኩላትም፤ እሷን ግን እንዳትቀጧት።

በዚያ ግቢ ካፊኖኖ የተናገረ ልጅ፣ ሌላ ተናጋሪ እስኪይዝ ድረስ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። በጉርምስናችን ሲያወራልኝ እየሳቀ ነበር። ቋንቋው አልጠፋበትም ማለት ነው። ፈርቶ ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፌን ታቅፌ፣ ጉሮሮዬን አሳምሬ፣ በየቀኑ እየሄድኩ አስፈራዋለሁ።

አስካለን ደክሞታል ብቻ አልኳት።

ግንቦት 19፣ እሑድ

አርብና ቅዳሜ አንድ ንግግር ስፈትል ዋልኩ። ዛሬ በፈረ. ነገርኩት። ትምህርት አልቋል፣ ሕጉ ተሽሯል፣ በእናትህ አፍ ተናገር። አልጋውን አንዴም አልመታም። ተመልከት፣ አንዴም! አየኝና እንደ ብልጥ ልጅ ፈገግ አለ። አይ ፍሬር፣ ያን ጊዜም እንዲህ ብላችሁ ነው የያዛችሁን አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ፈረ. ተናግሬ አላውቅም። ምን ሊረባ።

ግንቦት 21፣ ማክሰኞ ጠዋት

እህል አይቀበልም። ሐኪሙ ልጆቹን ጥሩ ብሏል። ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሟን እንዳልጠራም ጭምር። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ።  «ደግ ሴት አለኝ?» አለች። አዎ አልኩ። «እንዳትቀጧት አለ?» አዎ። ከዚያ አለቀሰች። ምን ዓይነት ልቅሶ እንደሆነ የሚያስተምር መጽሐፍ መክሊት አላመጣችልኝም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ወስኛለሁ። መጽሐፎቹን ለመክሊት መለስኩ። ፈቃድ ሰጪ ሁሉ ለእሱ ወጥመድ ነው፤ ስለዚህ ፍሬርነቱ ቀርቶብኛል። ልጅ ልጅን ያምን እንደሆነ እንጂ ትልቅ ሰው አያምንም። ዛሬ ወንበር ላይ አልቀመጥም። መሬት ላይ፣ አልጋው ሥር ተሸጉጬ፣ በካፊኖኖ፣ በሹክሹክታ፣ ስለ መምህራኑ ቂጥ ክፉ ክፉውን አወራለታለሁ። ከተያዝን አብረን እንያዛለን። አስካለ በር ላይ ቆማ ትጠብቅልናለች፤ ስነግራት እንባዋን ጠርጋ፣ ሁለት ባለጌዎች ብላኛለች።

ይመልስልኛል ብዬ አይደለም። አይመልስም። እኔም በዚህ ጉልበቴ አንዴ መሬት ከተቀመጥኩ ማን እንደሚያነሳኝ እንጃ። ግን ዝናቡ አባራ፣ አስካለም ከአጥር ውጭ ትጣራለች፣ ድምፅዋ ደግሞ ጓደኛዋን ለጨዋታ እንደምትጠራ ልጅ ነው። ልሂድ።