ወይ ጓንጉል

ለወንድሜ ለይመር፣ ካለህበት ከፊላደልፊያ ይድረስህ።

ጤናህን እንዴት ነህ? ያ ያምህ የነበረው ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ትይዘዋለህ? ባለቤትህ ሰናይት እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እዚያ ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ አደራህን ደረትህን ሸፍን። እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አቦቦ ዘንድሮ ዝናቡ አልከፋብንም። በቆሎው ደርሷል፤ ጦጣውም አብሮ ደርሷል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። የጓንጉልን ስም ባነሳሁ ቁጥር "ተይው እህትዓለም፣ ስንት ዘመን አለፈው" ትለኛለህ። በስተርጅና የተማርኩት ፊደል ለዚህ ጠቀመኝ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ። ከወሎ አምጥተው እዚህ ባሰፈሩን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ሰዉን ሲጨርሰው፣ የሰፈራው የወባ ክኒን በጓንጉል እጅ ነበር። ለእኛ አልቋል ይለናል፤ ገበያ ላይ ግን ሲሸጠው ያዩት ብዙ ናቸው። እናታችን በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። "ነገ ነይ" አለኝ። በነገታው ቀበርናት። ከዚያ ወዲያ እኛ ሴቶች አረም ስናርም ዘፈን አወጣንበት። አንዷ እንዲህ ብላ ታወጣለች፦

ክኒኑን ብለምነው እጁን ሰበሰበ፣
ጓንጉል በናቶች ሞት ኪሱን አደለበ።

ሌሎቻችን "ወይ ጓንጉል! ወይ ጓንጉል!" እያልን እንቀበላለን። እሱ በእርሻው ዳር ሲያልፍማ ድምፃችን ይብስ ነበር። በኋላ ካድሬዎቹ ከለከሉንና ዘፈኑ ቀረ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም።

የጓንጉል ልጅ አሸብር አሁን ጋምቤላ ከተማ የሙዚቃ ቡድን አለው። መስከረም ላይ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣና "እማማ ወርቅነሽ፣ ለባንዲራ ቀን የሀገር ዘፈን ልሠራ ነው። የድሮ የአረም ዜማ ስጪኝ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለን" አለኝ። ቁርጥ አባቱን ነው፣ ጥርሱ ሳይቀር። ያን ጊዜ አንተ ያወራኸኝ ትዝ አለኝ። በምትጠብቀው ሙዚየም ሰምተህ፣ አሜሪካ ገና አዲስ ሀገር ሳለች ሰዎቹ በየማኅበራቸውና በየመጠጥ ቤታቸው ሲዘፍኑ የጠላታቸውን ንጉሥ ማወደሻ ዜማ ወስደው የነፃነት ግጥም ያስገቡበት ነበር፣ የተጣሉ ወገኖችም በዚያው ባንድ ዜማ ይሰዳደቡ ነበር ብለኸኝ አልነበር? "ግጥሙ ቢቀየርም ሰሚው የፊተኛውን በልቡ ይለዋል" ብለህ ስቀሃል። አንተ ለጨዋታ አልከው፤ እኔ ግን አስቀመጥኩት።

ለአሸብር በአባቱ ላይ ያወጣነውን ዜማ አንጎራጎርኩለት። ግጥሙን ሲጠይቀኝ "ረሳሁት ልጄ፣ የራስህን አስገባበት" አልኩት። ደስ ብሎት ጉልበቴን ሳመ። ስለ አልዌሮ ግድብ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ባንዲራው አሳምሮ ገጠመ፤ "ወይ ጓንጉል" በነበረበት "ሀገሬ" አለበት። ይባስ ብሎ ተቀባይ እንድንሆን የመረጠው እኛኑ አሮጊቶቹን ነው።

በበዓሉ ቀን የጋምቤላ ከተማ ሜዳ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጓንጉል ነጭ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብሏል። ዜማው ሲጀመር ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን በዚያ መች እጠግባለሁ። አንድ ዙር "ሀገሬ" ብለን ተቀበልን። በሁለተኛው ጎኔ ያሉትን ሴቶች ጎሸም አደረግኋቸውና "ወይ ጓንጉል!" አልን። አሸብር ደንግጦ ዞር አለ። ነገሩን የማያውቁት የከተማው ልጆች ያማረ አዝማች መስሏቸው ከአፋችን ነጠቁን። ኑዌሩ፣ አኙዋኩ፣ ደገኛው ሁሉም እየዘለለ "ወይ ጓንጉል!" ይል ጀመር። መድረክ መሪው "ይህ ጀግና ጓንጉል የት ነው?" ሲል ሰዎች ጠቆሙት። ብብቱን ይዘው አስነሱትና አጨበጨቡለት። ይመር፣ ጭብጨባው እንደ በረዶ ሲወርድበት ያንን ፊት ባየኸው! ወደ መናኸሪያ ያደረሰን የኒውላንድ ሰፈሩ ባለ ባጃጅ ዱዋል እያፏጨ "እማማ፣ ይሄ ጓንጉል ምን ሠርቶ ነው እንዲህ የሚወደሰው?" አለኝ። "ብዙ ሠርቷል" አልኩት።

አሁን ዘፈኑ በየባጃጁ ነው። ጓንጉል ከቤት አይወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን መሳምም ትቷል። ባለፈው ሰሞን ሽማግሌ ላከብኝ። ይቅር በዪው፣ ለልጆቹም እዘኚላቸው ብለው ደጄ ላይ ቆሙ። "ነገ ኑ" አልኳቸው። በነገታው ሲመጡም "ነገ ኑ" አልኳቸው። አንደኛው "ምን ዓይነት ሴት ነሽ!" ብሎኝ ሄደ።

ስለዚህ ጓንጉል ወደ አንተ ዞሯል። ስልክህን ከአክስታችን ልጅ ተቀብሎ "ሴትየዋን ትቻታለሁ፣ ወንድሟ ይቅር ካለኝ ለነፍሴ ይበቃኛል" ብሏል አሉ። ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ልብህ ገር ነው፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰምተህ አትችልም። በእኔ ስም ግን፣ ብሞትም እንኳ፣ ይቅር እንዳትለው። ከደወለና ካነሳኸው አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፤ "ያቺ ሴት ስሟ ማን ነበር?" በለው። እናታችንን በስሟ ደብሪቱ ብሎ ከጠራት እንደ ልብህ አድርግ፣ አልቀየምህም። ካላወቀው ዝጋበትና ሲደውል ይኑር።

ሰናይትን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ለዚህ ሙቀት ባይሆንም ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። ልጆችህን ግንባራቸውን ሳምልኝ። አክስታችን አልጋ ላይ ሆና ትመርቅሃለች። ጎረቤቴ ኛኩዋኒም ሰላም ብላሃለች። ይህን ሳነብላት "ስሟን ቢያውቀውስ?" አለችኝ።

እህትህ ወርቅነሽ
አቦቦ፣ ጋምቤላ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.